ማንም ያላዘዘው ጾም

ደብረ ወርቅ፣ ጥቅምት 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለትሕትና

እናትሽ ትናንት ከደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ወጥታ ቤቷ ገብታለች።

ሰላምታዬን ከዚህ በኋላ ማድረጌን አትቀየሚኝ። እንደምን ሰንብተሻል? ሰኔ ላይ የጻፍሽውም፣ ጳጉሜን ላይ የጻፍሽውም ደርሶኛል። «ምነው ዝም አላችሁ?» ላልሽው፣ ስልኩ ከተቋረጠ ወዲህ ወረቀት የሚያደርስልን የሚኒባሱ ሹፌር ዓለምነው ብቻ ነው። እሱም መንገድ ሲከፈት ይሄዳል፣ ሲዘጋ ይቀመጣል። ይህ የምክንያቱ ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ፣ መታመሟን ቀደም ብዬ ብጽፍልሽ ሥራሽን ጥለሽ ትመጪ ነበር፤ መንገዱ ደግሞ ለማንም የሚያስተማምን አልነበረም።

በመስቀል ማግስት ከምንጭ ውኃ ይዛ ስትመለስ፣ ከጎረቤታችን ከየብርጓል አጥር ሥር ስትደርስ ወደቀች። የብርጓል ጮኻ ሰው ሰበሰበች። ዓለምነው ሌላውን ተሳፋሪ አስወርዶ እሷን ይዞ በረረ። ሐኪሙ ደሟ አንሷል አለ፤ ሌላ በሽታ አላገኘባትም። ኪኒን ሰጥቷታል፤ ከኪኒኑ ይበልጥ ያጠበቀው ግን ምግቡን ነው፦ ጧት እንቁላል፣ ማታ ወተት፣ ሲገኝ ሥጋ። «እሺ ዶክተር» አለችው። እሺ ስትል እኔም ሰምቻለሁ።

የቀሩትን ጥያቄዎችሽን ልመልስ። ዝናቡ ዘግይቶ ወጣ፤ ጤፉ ደህና ነው። ከተማሪዎቼ ግማሹ ወደየአገሩ ሄዷል፤ የቀሩት ጧት ጧት ከደጄ ሥር ሲያዜሙ እናትሽ ተኝታ ትሰማቸዋለች። የላማችን የቦራ የልጅ ልጅ ወለደች፤ ጥጃዋ እንስት ናት፤ ያን የግንባር ነጭ ሳይቀር ወርሳለች።

አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅሽ። ሐዋሳ ላይ የንስሐ አባትሽ ማን ይባላሉ? ስማቸውንና የሚያገለግሉበትን ደብር ጻፊልኝ። ለምን እንደፈለግሁት በሚቀጥለው እነግርሻለሁ።

አባትሽ
መሪጌታ ወልደ ሰንበት


ሐዋሳ፣ ጥቅምት 17 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባዬ

የደብዳቤዎን የመጀመሪያ መስመር ቆሜ፣ የቀረውን ተቀምጬ አነበብኩት። እምዬ ሆስፒታል መተኛቷን ከወጣች በኋላ ሰማሁ። አልወቅስዎትም፤ ሁለተኛ ግን እንዲህ አያድርጉብኝ።

የንስሐ አባቴ አባ አምደሚካኤል ይባላሉ፤ እኔ በተከራየሁበት ሰፈር ካለው ቤተ ክርስቲያን ነው የሚያገለግሉት። ሽማግሌ ናቸው፣ ጆሯቸው ትንሽ ይከብዳል፤ ጮክ ብዬ መናዘዝ ስለማልወድ ቶሎ ቶሎ አልሄድም። ለምን እንደፈለጓቸው አልገባኝም። እኔ ጤነኛ ነኝ፤ ከማንም ጋር አልተጣላሁም፤ ሰው ስለ እኔ ያወራልዎት ነገር ካለ በግልጽ ይጻፉልኝ።

አሁን የሚያሳስበኝ የእምዬ ነገር ነው። ሐኪሙ ያለውን እየበላች ነው ወይ? «እሺ» ማለቷን አይመኑ። እምዬ እሺ የምትለው ነገሩን ለመጨረስ ነው።

ስለ እንቁላል ሲጽፉልኝ የገብሱ ጎታ ትዝ አለኝ። ዓቢይ ጾም ሲገባ ዶሮዎቻችን የሚጥሉትን እምዬ ገብስ ውስጥ እየቀበረች ለፋሲካ ታቆይ ነበር። ሰሙነ ሕማማት ሲመጣ እኔን አላስችል ይለኝና እጄን ሰድጄ እነካካቸዋለሁ፤ ገብሱ ይቀዘቅዝ ነበር፣ እንቁላሉ ይለሰልስ ነበር። አንድ ቀን ከጓዳ ሆና «ማነው? አይጥ ናት?» አለች። «እኔ ነኝ» አልኩ። «አይጥ ብትሆኚ ይሻልሽ ነበር፤ አይጥ አልቀጣም» አለችኝ። ግን አልቀጣችኝም። በፋሲካ ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ፣ እርስዎ ገና ካባዎን ሳያወልቁ፣ የመጀመሪያዋን እንቁላል ልጣ በአፌ ታጎርሰኝ ነበር።

ባለፈው ፋሲካ መጥቼ ያንኑ እንቁላል ስታጎርሰኝ እጇን መመለሴን አልረሳሁትም። ዶሮውንም፣ አይቡንም ሳልነካ ሽሮ በላሁ። «ምነው?» አለችኝ። «እምዬ፣ ምክንያቱን አትጠይቂኝ» አልኳት። አልጠየቀችኝም። እምዬ ያልጠየቀችበትን ቀን አላስታውስም፤ ያ ዝምታዋ እስከ ዛሬ ሆዴ ውስጥ አለ። ተቀይማኝ ከሆነ ይንገሩኝ።

ልጅዎ ትሕትና


ደብረ ወርቅ፣ ጥቅምት 27 ቀን 2018 ዓ.ም.

ልጄ ትሕትና

ዛሬ መድኃኔዓለም ነው፤ ከማሕሌት እንደወጣሁ ተቀመጥሁ። «እየበላች ነው ወይ?» ላልሽው፣ አይደለም። «ተቀይማኝ ነው ወይ?» ላልሽውም፣ አይደለም። ቢሆን ይሻለን ነበር።

ሆስፒታል ሳለን በየጧቱ እንቁላል አስቀቅዬ እወስድላት ነበር። ቅርፊቱን እያየሁ በላች እላለሁ። ልንወጣ ስንል ከጎኗ የተኛች የአምበር ሴት ወደኔ ዞር ብላ «መሪጌታ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ እንቁላልዎ ነው ያነሣኝ» አለችኝ። እናትሽ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ቤት ገብተን ተቀመጥንና ጠየቅኋት።

«ከፋሲካ ጀምሮ አልበላሁም» አለች።

«ምኑን?»

«ልጄ የተወችውን። ሥጋውን፣ ቅቤውን፣ ወተቱን፣ እንቁላሉን።»

«ምን ልሁን ብለሽ?»

«ቀኖናዋን ልካፈላት ብዬ። ለብቻዋ ይከብዳታል።»

«ቀኖና አለባት ያለሽ ማን ነው?»

«ማን ይበለኝ? በፋሲካ ቀን ከእናቷ እጅ የምትመልስ ልጅ ምን ኖሮባት ነው? ምክንያቱን አትጠይቂኝ አለችኝ። ንስሐ የገባ ሰው ምን ሠራህ ተብሎ አይጠየቅም። ዝም ብዬ ግማሹን ተሸከምሁላት።»

ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ጾምም ስግደትም እንደሌለ፣ በነዚያ ሳምንታት ቀኖና የሚያስጾም ካህን እንደማይገኝ ነገርኋት። «የመሪጌታ ሚስት ሆነሽ ይህ ይጠፋሻል?» አልሁ። «ኃጢአቱ ከባድ ከሆነስ?» አለች። «እርስዎ የሚያውቁት ቅኔውን ነው። የሴት ልጅ ሆድ የተዘጋ መጽሐፍ ነው።»

እንዴት ሳላይ ቀረሁ ትይኝ ይሆናል። ከጰራቅሊጦስ ማግስት የሐዋርያት ጾም ገባ። ከዚያ ፍልሰታ መጣ። በመካከሉ ረቡዕና ዓርብ አለ። እኛ አገር ከዓመቱ የሚበዛው ጾም ነው፤ የጾመ ሰው ከሚጾም ሰው መካከል አይለይም። በሚበላበት ቀን ደግሞ ለእኔ ታቀርብና «ከየብርጓል ጋር ቀምሻለሁ» ትለኝ ነበር። የብርጓልን ብጠይቃት «እኔን ደግሞ ከመሪጌታ ጋር በልቻለሁ ትለኝ ነበር» አለች።

የንስሐ አባትሽን ስም የጠየቅሁሽ ለዚህ ነው። ምስጢርሽን እንዲያወጡልኝ አይደለም፤ አያወጡትምም። «ቀኖናው መቼ ያልቃል?» የሚለውን ብቻ ልጠይቃቸው ነበር፤ የእናትሽም አብሮ ያልቃልና። ወረቀቱን ጀምሬ ቀደድሁት። አንቺን መጠየቅ ይሻላል።

ያለ ነገር ካለ ለእኔ አትጻፊው። የለም ካልሽ ግን ለምን እንደማትበዪ ጻፊልኝ፤ ለእሷ አነብላታለሁ። ሐኪሙ ለጥር ቀጥሯታል። ያዘዘውን ካልበላች ቀጠሮው ድረስ መቆሟን እንደሚጠራጠር፣ እሷ በሌለችበት ለእኔ ነግሮኛል።

አባትሽ


ሐዋሳ፣ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

አባዬ፣ ይህን ለእምዬ ያንብቡላት

እምዬ፣ እኔ ላይ ቀኖና የለም። አባዬ፣ ይህችን መስመር ይድገሙላት።

አልወለድኩም፣ አላስወረድኩም፣ የሰው ባል አልቀማሁም፣ ሃይማኖቴን አልለወጥኩም። አንቺ ሌሊት ሌሊት ያሰብሽውን ሁሉ አስቤ ነው የምጽፍልሽ። አንዱም የለም። የተሸከምሽልኝ ነገር ባዶ ነው፤ እባክሽ አውርጂው።

ያልነገርኩሽ አፍሬ ነው፤ ለየብርጓል «ልጄ ጫጩት ታሳድጋለች» እያልሽ ስትኮሪብኝ ሰምቼ። እኔ ጫጩት አላሳድግም። የምሠራው መፈልፈያው ክፍል ውስጥ ነው። እንቁላሉ ቁም ሣጥን በሚያህል ማሽን ውስጥ ይሞቃል፤ ጫጩቶቹ እናት የላቸውም። ሲፈለፈሉ በካርቶን ወደኛ ይመጣሉ፤ እኛ የክንፋቸውን ላባ ገልጠን ሴቱን ከወንዱ እንለያለን። ሴቷ ነገ እንቁላል ትጥላለች፤ ወደ ቀኝ። ወንዱ እንቁላል አይጥል፣ የዚህ ዘር ሥጋውም አያተርፍ፤ ወደ ግራ። በግራ በኩል ማዳበሪያ አለ። ሲሞላ አፉ ይታሰራል። ከታሰረም በኋላ ለጥቂት ጊዜ ድምፃቸው ይሰማል።

ስጀምር ለእንጀራዬ ነው ብዬ ሠራሁ። አንድ ቀን ምሳ ዕቃዬን ስከፍት የዶሮ እርባታው ባለቤት የሰጡን የተቀቀለ እንቁላል አለ። መብላት አቃተኝ። ማንም አላዘዘኝም፤ እጄ እምቢ አለ።

የወተቱ ግን ከዚያ የቆየ ነው፤ እሱን አንቺም ታውቂዋለሽ። የቦራ የበኩር ጥጃዋ የሞተ ጊዜ። ቦራ አልታለብ አለች። ቆዳውን ገፋችሁ፣ ገለባ ሞላችሁበት፣ ጀርባው ላይ የጨው ውኃ ረጫችሁበት። እኔ አንገቱን ይዤ ከፊቷ አቆመው ነበር፤ እሷ ጨዉን ስትልስ፣ አንቺ ከሥር ታልቢ ነበር። ምላሷ እጄን ሲያገኘው አብሮ ይልሰኝ ነበር። ገለባውን እንደ ልጇ ስትልስ ሳይ አለቅስ ነበር፤ አንቺ ግን በጨው ዓይኔን የነካሁ መስሎሽ «እጅሽን ታጠቢ» ትዪኝ ነበር። መፈልፈያው ክፍል ስገባ ያ ሁሉ ተመለሰብኝ። እንቁላሉን ስተው ወተቱም ከበደኝ። ሥጋው ከነዚህ በኋላ ራሱ ወደቀ።

ይህ ጾም አይደለም፤ ዋጋ አገኝበታለሁ ብዬም አይደለም። የሚበላውንም አልኮንንም። ሽሮውን፣ ምስሩን፣ የሱፍ ፍትፍቱን፣ ተልባውን ያስለመድሽኝ አንቺ ነሽ፤ ስለዚህ አልተራብኩም። እኔ ጤነኛ ነኝ። አንቺ ግን ታመሻል፤ ሐኪሙ የነገረሽን ብዪ።

ትሕትናሽ


ደብረ ወርቅ፣ ኅዳር 21 ቀን 2018 ዓ.ም.

ልጄ ትሕትና

ደብዳቤሽን አነበብሁላት። የንስሐ አባቷ መምሬ ጸጋው ነበሩ፤ የብርጓልም ነበረች፤ ሂጂ ብትባልም የማትሄድ ሴት ናት። መስመሯን ደግሜላታለሁ፤ ሦስተኛም አስደገመችኝ።

መጀመሪያ የተናገረችው የብርጓል ናት። «ለጫጩት ብሎ ቅቤ የተወ ሰው ዛሬ ሰማሁ» አለች። እናትሽ «ዝም በይ፣ አንቺ ለድመትሽ አላለቀስሽም?» አለቻት።

መምሬ ጸጋው «እንግዲህ ልጅቱ ላይ ቀኖና ከሌለ የምትካፈዪው የለም፤ ፈትቼሻለሁ። የነቢያት ጾሙም ለበሽተኛ ይፈታል» አሏት።

«እርስዎ የሰጡኝ አይደለም መምሬ። እርስዎ አይፈቱልኝም» አለቻቸው። «ለእግዜር የነገርሁት፣ ልጄ እስክትበላ አልበላም ብዬ ነው።»

ከዚህ በታች ያለው እሷ ተናግራ እኔ የጻፍሁት ነው። «እንዳያሳምሩት» ብላኛልና አላሳመርሁትም።

«የኔ አበባ። የቦራን ጥጃ ቆዳ ገለባ የሞላሁት እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው አልነበረም። ያን ጊዜ አንቺ በኩፍኝ ተይዘሽ ነበር፤ ልታስታውሺው አትችዪም፤ ከተነሣሽ በኋላ ነው አንገቱን የያዝሽው። ከወተት በቀር ሆድሽ የሚይዘው አልነበረም። የጎረቤት ላም ሁሉ ነጥፋ ነበር። ቦራን ለመንኋት። ቦራ ደግሞ ሞኝ አልነበረችም። ጨዉን ትልስና ዓይኗን ወደ በረቱ በር ትመልሳለች፤ ልጇ የሄደበትን ታውቃለች። ያም ሆኖ ወተቱን ለቀቀችልኝ። ለገለባው ብላ አይደለም፤ አንቺን አይታ ነው ብዬ እስከ ዛሬ አምናለሁ። ስታረጅ ለቅርጫ ይሰጡን ብለው ሲመጡ እምቢ ብዬ ደጃችን የሞተችው ለዚህ ነው። አባትሽ 'ሥጋዋን ለጅብ ሰጠሽው' አሉኝ። አዎ ሰጠሁት።

የእኔ ዶሮዎች ደግሞ ወንዱንም ሴቱንም ያሳድጋሉ። አውራውን የምናርደው አድጎ፣ ጮኾ፣ የሰው ደጅ በጥብጦ ነው። ለእሱ ምን እንደሚሻለው አላውቅም፤ ማዳበሪያ ግን አላስገባነውም።

ያልሽውን ልመን እላለሁ፤ ሌሊት ሲሆን ደግሞ፣ እኔን ለማብላት ብላ ብትዋሽስ እላለሁ። አንቺ ስትዋሺ ቃል ታበዣለሽ፤ ደብዳቤሽ ረጅም ነው። ቀኖና ያለበት ሰው ቢሞት አይበላም፤ የሌለበት ከእናቱ እጅ አይመልስም። ለገና ነይ። አንዲት እንቁላል ላጉርስሽ። አንቺ ስትበዪ እኔም እበላለሁ። ካልበላሽ ተካፍለን እንቀጥላለን፤ አልቀየምሽም።»

ከዚህ ወዲህ የእኔ ነው።

«ለጅብ ሰጠሽው» ማለቴ እውነት ነው። ስጽፈው እየሣቀች ታየኝ ነበር።

ካህኑ ያልቻሉትን እኔ አልሞክርም። መጻሕፍቱን አገላብጫለሁ፤ ለሰው ያዘኑ እናቶች ብዙ ናቸው፣ የእናትሽን ዓይነት ግን አላገኘሁም። ጠዋት ጠዋት ከአልጋ ስትነሣ ግድግዳውን ትይዛለች። ቀይዋ ዶሮ መጣል ጀምራለች፤ እንቁላሉን እንደ ድሮው ገብስ ውስጥ ትቀብረዋለች። አንዱን ለይታ በከሰል ምልክት አድርጋበታለች፤ አዲስ በተጣለ ቁጥር አሮጌውን ለየብርጓል ልጆች ሰጥታ ምልክቱን በአዲሱ ላይ ታደርጋለች። «ይህ የማን ነው?» ብላት «የእንግዳ» አለችኝ።

ብዪ ብዬ አላዝሽም፤ አትብዪም አልልሽም። ዘንድሮ ገና ረቡዕ ይውላል፤ ረቡዕ ቢውልም ይበላል፤ በዚህ በኩል የምታመካኚበት የለሽም።

አባትሽ


ሐዋሳ፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባዬ

ፈቃድ ወጥቶልኛል። ከሥራው ልወጣ እንደሆነ ቢያስቡ፣ ከመፈልፈያው ወጥቼ ወደ መኖ ክፍሉ ተዛውሬአለሁ፤ ከዚያ ያለፈውን ስመጣ እንነጋገራለን። አዲስ አበባ አንድ ሌሊት አድሬ፣ ደብረ ማርቆስ ማክሰኞ ከቀትር በፊት እገባለሁ። ዓለምነው መናኸሪያው በር ላይ እንዲጠብቀኝ ይንገሩት፤ መንገዱ ከተዘጋ ደግሞ አምበር ድረስ በባጃጅም ቢሆን፣ ከዚያ በእግሬም ቢሆን እመጣለሁ።

ለእምዬ ያንብቡላት፦ ኩፍኙን አላስታውሰውም። የቦራን ምላስ ብቻ ነው የማስታውሰው። ያ ወተት ለእኔ መሆኑን ማንም ነግሮኝ አያውቅም ነበር። ደብዳቤሽን ካነበብኩ ወዲህ ቦራን ስታስቢያት አብሬሽ በረቱ በር ላይ እቆማለሁ። ገለባውን ስይዝ እሷን ያታለልኩ ይመስለኝ ነበር፤ አንቺ እንዳልሽው ከሆነ የታለልኩት እኔ ብቻ ነኝ።

ይህ ለእርስዎ ብቻ ነው፤ አያንብቡላት።

መጀመሪያ ደብዳቤው እንደደረሰኝ «እበላለሁ፤ አንዲት እንቁላል ናት» አልኩ። ማታ ቀቀልኩና ሞከርኩ። ልጬ፣ ጨው ነስንሼ፣ እስከ ከንፈሬ አደረስኩት። መልሼ ሳህኑ ላይ አስቀመጥኩት። የቀይዋ ዶሮ እንቁላል ላይ ክስ የለኝም፤ እምዬ ልክ ናት፣ የእሷ ዶሮዎች እናት አላቸው። ራሴን በዚህ ላሳምነው ብዬ በየቀኑ እሞክራለሁ። እጄ ግን የማንን እንቁላል እንደያዘ አይጠይቅም።

ላታልላት እንደማልችልም አውቃለሁ። አፌ ውስጥ አድርጌ ዞር ብዬ ብተፋው ታየኛለች፤ ገብሱ ውስጥ እጄን ስሰድ ከጓዳ ሆና የሰማች ሴት ናት። ሳልወድ ብውጠው ደግሞ ፊቴን ታነባለች፣ «ለእኔ ብላ ነው» ብላ መልሳ ትጠራጠራለች። ብበላ ከልቤ እንዲሆን እፈልጋለሁ። ባልበላ የሚያልቀው ደሟ ነው።

እርስዎ አላዝሽም ብለዋል። አመሰግናለሁ፤ ግን አንድ ነገር ልለምንዎት። በገና ሌሊት ከማሕሌት ሲመለሱ ቶሎ አይግቡ። እንደ ድሮው ካባዎን ሳያወልቁ፣ ደጅ ላይ ከተማሪዎችዎ ጋር ትንሽ ይቆዩ። እምዬና እኔ ብቻችንን እንሁን። ምልክት ያለበትን እንቁላል ራሷ ከገብሱ ታውጣው፣ ራሷ ትላጠው።

እጇ ወደ አፌ ሲመጣ የማደርገውን እስካሁን አላውቅም። ማክሰኞ ማታ እደርሳለሁ። ገና ረቡዕ ነው።

ልጅዎ ትሕትና